ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደውለው ሟች

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሬዲዮ ጣቢያው በዓመቱ ውስጥ የሞቱ የመድረክ ሰዎችን የሚያስታውስ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ያስተላልፋል። ዘፋኙም ተዋናዩም ቀልደኛውም አይቀርም። ስሙ ይነበባል፤ ድምፁ በማህደር ካለ ይሰማል። ይህን ፕሮግራም የምታዘጋጀውን ሴት ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የሰው ወሬ ሳታጣራ ተቀብላ አንድ ሳክስፎን ተጫዋች ከሟቾቹ ጋር አንብባው ነበር። ሰውዬው በማግስቱ ደወለና፣ ነፍስ ይማር ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ፣ እስክሞት ድረስ ግን ብትታገሱኝ ደስ ይለኛል አላት። ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ። እሷም ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ያልመሰከረለትን ሞት አትቀበልም።

ዘንድሮ ፕሮግራሙ ሊተላለፍ አሥር ቀን ሲቀረው አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ቢሮዋ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። የድምቡሼ ሚስት ነኝ አለች። ድምቡሼና ቀጭኔ በዚሁ ጣቢያ ለሃያ ዓመት አብረው የቀለዱ ጓደኛሞች ናቸው። ቀጭኔ ይጠይቃል፣ ድምቡሼ ይመልሳል፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ወንፊት ሥራ ስትጀምር የእነሱን ቴፕ ነበር የምትቆርጠው። ሚስቲቱ እንደተናገረችው ድምቡሼ ለሕክምና ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ከሰባት ወር በፊት እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። የሆስፒታል ወረቀትም አወጣች።

ወንፊት አጽናናቻት፤ ልቧ ግን አልተቀበለውም። የወረቀቱ ማኅተም ደብዝዟል። ደግሞስ ሳቁን ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው ሰው ሞቶ ሰባት ወር ሙሉ እንዴት አንድ ሰው አልሰማም? ይህንኑ ስትጠይቃት ሴትዮዋ ጣቶቿን እያየች የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለች። ሌላ ማን ይመሰክራል ስትላት ደግሞ ትንሽ አመነታች።

«ቀጭኔ አብሮኝ ነበር» አለች። «ግን እሱ እውነቱን አይነግርሽም።»

ይህ አነጋገር ወንፊትን እንደ እሾህ ወጋት። ሴትዮዋ እንደወጣች ቀጭኔ ጋ ደወለች። ቀጭኔ መድረኩን ከተወ ወዲህ ፎቶ ቤት ከፍቷል። የጓደኛውን መሞት ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ማን ነው ሞተ ያለው ብሎ መለሰላት። ሚስቱ ስትለው፣ እሷ ብዙ ትላለች፣ ስሙን ከዝርዝሩ አውጪው አለና ዘጋው። ወንፊት ስልኩን እንደያዘች ነገሩን አሰበችው። ሰውዬው ሞቷልም አላላትም፣ አልሞተምም አላላትም።

ሆስፒታሉ ለቤተሰብ ካልሆነ አንናገርም አላት። በመጨረሻ የድምቡሼን እናት ስልክ ከድሮ መዝገብ ፈልጋ አገኘች። አሮጊቷ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበትም ዓይንም የከዳቸው ሴት ናቸው። ስለ ድሮ ቀልደኞች ፕሮግራም እያዘጋጀሁ ነው ስትላቸው ደስ አላቸው።

«ልጄማ ሥራ ይዞት ሩቅ ነው ያለው» አሉ። «ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይደውልልኝ አይውልም። ባለፈው እንኳ ሆዴን እስኪያመኝ አስቆኛል።»

የወንፊት ጥርጣሬ ሁሉ ወደ ሚስቲቱ ዞረ። ባሏ ጥሏት ሄዶ በቂም በቁሙ ልትቀብረው ይሆን? ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዘችው። ቢሆንም ሳይጣራ ነገር መተው አልለመደባትምና ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ አሮጊቷ ቤት ሄደች።

ቤቱ ምድር ቤት ያለ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ አነስ ያለ ሬዲዮ፣ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ ስልክ፣ ወንበር ላይ የተሰጣ ካልሲ። አሮጊቷ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ጆሯቸውም ደከም ስላለ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፈቱት።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ጉልበትሽስ?»

ራሱ ድምቡሼ ነው። ያ ዳቦ የጎረሰ የሚመስለው ወፍራም ድምፅ። ወንፊት እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ በሚስቲቱ ተናደደች። ሰውዬው ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ የገዛ በሩን ሲያንኳኳ ስለዋለ ጎረቤት ማውራት ጀመረ። አሮጊቷ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወንፊትም እየሳቀች ሳለ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ድምቡሼ አስም ነበረበት። አራት ቃል ተናግሮ አየር ሲስብ እንደ ወናፍ ነበር የሚሰማው። ያንን ትንፋሽ ከቴፑ ላይ በምላጭ እየቆረጠች ስንት ቀን ሙሉ ውላለች! ስልክ ላይ ያለው ሰው ግን ያን ሁሉ ወሬ አንዴም ሳያርፍ ነው የጨረሰው።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ፣ ሃያ ዓመት ከድምቡሼ ጎን ወደ ቆመው ቀጭኔ ፎቶ ቤት ሄደች። ቀጭኔ በመብራቶቹ መካከል፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ስልኩ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ትንፋሹን ረስተውታል» አለችው።

ምን አልሽ አላለም። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በሩን ዘጋና ተናገረ። ድምቡሼ ሲሞት ከሚስቱ ጋር አጠገቡ ነበር። ዕቃውን ይዘው ሲመለሱ የሟቹ ስልክ እሱ ኪስ ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጮኸ።

«ልጄ አሉኝ» አለ። «አቤት እማዬ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

በሚቀጥለው ሳምንት እነግራቸዋለሁ እያለ ሰባት ወር ሞላው። ሚስቲቱም መጀመሪያ ላይ ተስማምታ ነበር። ነገር ግን ባሏ መሞቱን ለማንም መናገር፣ በአማቷ ሰፈር ጥቁር ለብሶ ማለፍ፣ ከሰው ጋር ማልቀስ ሁሉ ሲከለከላት መረራት። ስሙ በሬዲዮ ከተነበበ አሮጊቷ ይሰማሉ፣ በእኔ ሞት ተይው ብሎ ወንፊትን ለመናት።

ወንፊት አሁንም አላመነችውም። እነዚህ ሰዎች መድረክ ላይ ሳሉ ሳቁ ሁሉ የሚሄደው ለድምቡሼ ነበር፤ ቀጭኔን ሰው የሚያውቀው በጥያቄው ብቻ ነው፤ አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሳቀው ለእሱ ነው።

«እውነት ለእሳቸው ሲሉ ብቻ ነው?» አለችው።

«መጀመሪያ ለእሳቸው ነበር» አለ።

ስሙ ዓርብ እንደሚነበብ፣ ከዚያ በፊት መርዶውን ራሱ መናገር እንዳለበት ነግራው ወጣች። ሐሙስ ዕለት ከሚስቲቱ ጋር ሦስት ሆነው ሄዱ። ቀጭኔ በገዛ ድምፁ፣ እየተንተባተበ ተናገረ። አሮጊቷ አልጮኹም። መቼ ብለው ጠየቁ። ሰባት ወር ሲሏቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቅዳሜዎቹን ቆጠሩ።

«ታዲያ ከማን ጋር ነበር ስስቅ የከረምኩት?» አሉ።

እኔ ነኝ አለ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱና እንዲወጣ አዘዙት። ምራታቸውን ግን አቅፈው አለቀሱ፤ ሴትዮዋም ሰባት ወር የታመቀውን እንባ አብራቸው አፈሰሰች።

ዓርብ ፕሮግራሙ ተላለፈ። ምራትና አማት ሬዲዮውን መሐል አድርገው ሰሙት። ስሙ ተነብቦ የድምቡሼ ድምፅ ከድሮ ቴፕ ሲመጣ አሮጊቷ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዳመጡና፣ ይሄኛውስ ማነው አሉ። ሚስቲቱ ራሱ ነው ብላ ማለች። እሱን ደግሞ ማን ያውቃል ብለው ሬዲዮውን አጠፉት። ወንፊት ይህን ከሚስቲቱ ስትሰማ ጣቢያው ውስጥ ማንም ያላየው ለቅሶ አለቀሰች። ስሙን በማንበቧ አልተጸጸተችም፤ አሮጊቷ የልጃቸውን እውነተኛ ድምፅ እንኳ መጠርጠራቸው ግን አንጀቷን በላው።

ቀጭኔ በየቅዳሜው ደጃፋቸው ድረስ እየመጣ ይመለስ ነበር። ሁለት ወር ያህል አልከፈቱለትም። አንድ ቀን ግን ምራታቸው ተቀምጣ ሳለ ይግባ አሉ። ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት።

«አንተን እኮ አላውቅህም» አሉት። «የልጄን ድምፅ ተውና በራስህ ተናገር። መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ቀጭኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠያቂ ሆኖ መልስ አልለመደም። ቢሆንም ጓደኛው በዚያ ሆስፒታል ውሃ ሲጠይቅ፣ ከመስኮቱ ማዶ የሚያልፉትን ሰዎች ስም ሲያወጣላቸው፣ በመጨረሻው ጠዋት እግሬን ሸፍኑልኝ ሲል፣ እናቱን ሁለት ጊዜ ሲጠራ፣ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸው። ቀልድ አልጨመረበትም። አሮጊቷ ማቋረጥ ሳይፈልጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ ሲጨርስም፣ እስቲ እንደገና ንገረኝ አሉት።