አትንኪው

ባሌ ሃይለ አይናገርም፤ መግለጫ ነው የሚሰጠው። ድሮ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ኢኮኖሚክስ ሲያስተምር እንዲህ አልነበረም። ሚኒስትር አደረጉት፣ ምላሱ ከበደ። ቀጥሎ የባንኮች ሁሉ የበላይ በሆነው ባንክ ላይ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ ወዲህ «ሽንኩርት ተወደደ» ብለው እንኳ «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» ይለኝ ጀመር። ኤዲያ!

ከሥልጣን በወረደ በዓመቱ፣ የትግራይ ጦርነት ሊጀመር ሰሞን፣ አዲስ አበባ ቤታችን ሳለን አንድ ጠዋት «ሂጂና ያለንን ከባንክ አውጥተሽ ነይ» አለኝ። ሄጄ አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ እህቱ፣ ለተመድህን የምትባለው፣ ከመቀሌ ደወለች። ሰው ሁሉ ገንዘቡን እያወጣ ነው፣ እኔስ ምን ላድርግ አለችው። ባሏ ሲሞት ሱቃቸውን ሸጣ ገንዘቡን ባንክ አስገብታ ነበር። አንድ ልጇ ዮርዳኖስ ደግሞ ስኳር አለባት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትኖርም።

«አትንኪው» አላት። «ባንክ ነው፣ የትም አይሄድም።»

ስልኩን ሲዘጋ ጮህኩበት። «ገዥ የነበረ ሰው አውጪ ካለ በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ባንክ ደጅ ይሰለፋል» አለኝ። ሥራው እንደዚያ አስለምዶታል፤ ጣሪያው እያፈሰሰም ቤቱ ደህና ነው ይላል። ለገዛ እህቱም ያንኑ አላት! እኔስ ብሆን? ደውዬ እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ጦርነቱ ተጀመረ፣ የመቀሌ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንኩም ተዘጋ።

ሰላም ወርዶ አውሮፕላን ሲጀምር ለቅሶ ልንደርስ መቀሌ ሄድን። ዮርዳኖስ ከሞተች አራት ወር አልፏት ነበር። እህቱ ሰፈር ዓይደር ከባጃጅ ስንወርድ «ዛሬ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ» አልኩት። ቀድሞኝ በሩን አንኳኳ።

ለተመድህን ከመክሳቷ የተነሣ አላወቅኋትም። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ እኛ ልናጽናናት ስንል እሷ አጽናኝ ሆና አረፈችው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተን ማንም እንዲያማብኝ አልፈቅድም» አለችው። «የትግራይ ሰው ሒሳብ አዲስ አበባም ተዘግቷል ሲባል ሰምተናል። እሱም እንደኛው ነው፣ የሱም ገንዘብ ተቆልፎበታል እላቸዋለሁ።»

ሃይለ ጉሮሮውን ጠረገ። መግለጫ ሊሰጥ ነው አልኩ በልቤ።

«የኔን አውጥቼ ነበር» አላት።

«መቼ?»

«አንቺ በደወልሽበት ቀን። ጠዋት።»

ዞራ እኔን አየችኝ። «አንቺስ ዕፀገነት፣ ታውቂ ነበር?»

«ባንክ ሄጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትጮሃለች፣ ታባርረናለች ብዬ ጠበቅኩ። ምነው ባባረረችን! ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች።

«ሐኪም ቤት መርፌው ሲያልቅ በድብቅ የሚሸጡ ነበሩ፤ ጥሬ ገንዘብ ላለው። ጎረቤቴ ለልጇ ገዛች፤ ልጇ በሕይወት አለ። እኔ የባንክ ደብተሬን ይዤ ዞርኩ። ዮርዳኖስ መነሣት አቅቷት ተኝታ፣ ያንተን ስም ነበር የምታነሣው። "ኣኮይስ፣ አጎቴስ? የሱም ገንዘብ ተዘግቶበት የለ፣ ምን ይበላ ይሆን?" እያለች ታለቅስልህ ነበር።»