ሥራ ላይ ያለ ሟች

ምላጭን ብትጠይቋት፣ በምላሷ ያልረታችው ሰው ገና አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ አፍ አልፈታም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አርፍዳ ስትመጣ ሲያያት በሩን ራሱ ይከፍትላታል፤ ከእሷ ጋር ከመከራከር ከዛገው መቀርቀሪያ ጋር መታገል ይቀለዋል። ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነበር። የውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ጠጋኝ ነበር፤ ቦይ ውስጥ እንደቆመ ብርዱ ሳንባው ገባና ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

የቀሩት እናቷ፣ የእናቷ የሐሞት ጠጠርና የአባቷ የጤና መድን ካርድ ናቸው። ጠጠሩ ሲነሳባት እናት ትራስ ነክሳ ግድግዳ ትቧጥጣለች። ሐኪሙ አውጥቶ ሊገላግላት ቀን ቆርጦላታል፤ ቀኑም ነገ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ያው የአባቷ ካርድ ነው።

ምላጭን የሚያንጨረጭራት ግን ይኸው ካርድ ሆነ። ጎረቤታቸው ነርሷ፣ "የሟች ቤተሰብ እኮ በራሱ ስም ካርድ ይሰጠዋል፤ መብታችሁ ነው፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለቻት። ምላጭም እናቷ ላይ ወረደችባት።

"ተይው" አለች እናት፣ ጎኗን ይዛ።

"እንዴት ነው የምተወው? መብታችን ነው ተባለ እኮ።"

"መብት እግር የለውም፣ የትም አይሄድም። መጀመሪያ እኔ ከአልጋ ልነሳ።"

"እማ፣ ዝም ስለምትይ እኮ ነው ሰው ሁሉ የሚረግጥሽ።"

"ይርገጠኛ። አንቺን ምን አገባሽ? ዝም በይ ብያለሁ፣ ዝም በይ።"

ዝም ማለት ለምላጭ አልተሰጣትም። ደግሞ ሌላ የሚያንገበግባት ነገር ነበር። የአባቷን ቦት ጫማ ልታመጣ ወርክሾፑ ሄዳ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ሰሌዳ አይታለች። እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር የተቀረጸባት ቆርቆሮ አለችው፤ ጠዋት ሲገባ ከግራው ምስማር አንስቶ ቀኙ ላይ ይሰቅላታል። ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው። የአባቷ ቆርቆሮ ቀኙ ላይ ተንጠልጥላለች። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ሲንቦራጨቅላቸው ኖሮ መሞቱን እንኳ ልብ ያለው የለም ብላ ደሟ ፈላ። የአባቷን አለቃ ጋሼ ብሎንን ሰላም ሳትለው ቦት ጫማውን ይዛ ወጣች።

እናም ዛሬ ለእናቷ "ዳቦ ልገዛ" ብላ የመድን ቢሮው ገባች።

መስኮቷ ዝቅ ብላ ስለተሠራች ባለጉዳይ ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚናገረው። ምላጭ አላጎነበሰችም። ኩራት አይደለም፣ ቁመቷ ልክ ነው።

"አባቴ ሞቷል። የቤተሰብ ካርዳችንን ልወስድ ነው" አለቻት ጸሐፊዋን።

ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ነካካች። "የአባትሽ ካርድ ይሠራል። እሱም ሥራ ላይ ነው ይላል።"

"ሞቷል እያልኩዎት?"

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት። እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች፤ ድምጿም ወረደ። "በዚህ ካርድ የሚታከም ሰው አለ?"

"እናቴ። ነገ ኦፕራሲዮን አላት።"

"እንግዲያው ስሚኝ የኔ ልጅ። አንቺ ዛሬ እዚህ አልመጣሽም፣ እኔም አላየሁሽም። እናትሽ ስትድን ይዘሻት ነይ። አሁን ሂጂ።"

ጆሮ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ አመስግኖ እብስ ይላል። ምላጭ ግን ከምላስ እንጂ ከጆሮ አልታደለችም። የገባት "አላየሁሽም" የምትለዋ ብቻ ናት።

"አያዩንማ" አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "በቁማችን አያዩን፣ ሞተን አያዩን። አባቴ እናንተ የምትጠጡበትን ቧንቧ ሲጠግን ነው የሞተው። እናንተ ደግሞ ሥራ ላይ ነው ትላላችሁ። ሥራ ላይ ከሆነ እስኪ ጥሩልኝ፣ ናፍቆኛል።"

አግዳሚው ላይ የተኮለኮሉት ባለጉዳዮች ተንጫጩ። አንድ ሽማግሌ "እውነቷን ነው" አሉ። ይሄኔ የውስጠኛው በር ተከፈተና ከረባት ያሰረው ኃላፊ ብቅ አለ።

"ማነው የሞተው?"

ጸሐፊዋ "የለም፣ ልጅቷ ተሳስታ ነው" አለች ቶሎ ብላ።

"አልተሳሳትኩም። አባቴ ነው የሞተው። ቁጥሩ ግን ወርክሾፑ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ይሠራል። ሄደው ይዩት።"

ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

ኃላፊው ምላጭን ወንበር ሰጣት። ውሃ አስመጣላት፤ "ጎበዝ ልጅ" አላት። ስልክ ደወለ፣ ሌላ ስልክ ደወለ። ከዚያ፣ "ስህተቱ ተስተካክሏል። የአባትሽ ካርድ ተዘግቷል፣ የእናንተ ፋይል ተከፍቷል። ጡረታ ክፍል ሲያረጋግጥ ካርዱ ይደርሳችኋል" አላት። መቼ እንደሚያረጋግጥ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ያሸነፈ ሰው ምን ጥያቄ አለው? ደረቷን ነፍታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ የሆስፒታሉ ቦርሳ በሩ ሥር ተቀምጧል። እናት አልጋው ጫፍ ላይ ናት። ጋሼ ብሎን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"እማ፣ ዳቦው ቀርቷል፤ መብታችንን አምጥቻለሁ" አለች። ወደ ጋሼ ብሎን ዞረች። "እርስዎም ያቺን ቆርቆሮ ያውርዷት።"

"ወርዳለች" አለ ጋሼ ብሎን። "እኔንም ከሥራ አግደውኛል።"

"እርስዎን ለምን?"

"ማን ይሰቅላት ነበር መሰለሽ? በየጠዋቱ እኔና ጓደኞቹ በተራ እየሰቀልን፣ ሥራ ላይ ነው እያስባልን ነው ካርዱን እዚህ ያደረስነው። ነገ እናትሽ ገብታ ብትወጣ ኖሮ በማግስቱ ራሴ አውርጄ ሞቱን አስመዘግብ ነበር።"

ምላጭ ጋሼ ብሎን ላይ አፈጠጠች። "ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ላንቺ መንገር ማለት በድምፅ ማጉያ ማወጅ ነው።"

"ሆስፒታሉ ደውሏል" አለች እናት። "ካርዱ አይሠራም አሉ። ተራዬን ለሌላ ሰጥተውታል።"

ምላጭ ማልቀስ አማራት፤ ቁጣው ቀደማት። "እና ጥፋቱ የኔ ነው? የሟቹን ዛሬ ዘግተው የቤተሰቡን እግዜር በወደደ ቀን የሚከፍቱት እነሱ! አባቴ ሲሞት አንቺም አብረሽ እንድትሞቺ ነው እንዴ ሕጉ? ቆይ፣ ነገ ሄጄ ያንን ባለ ከረባት በምላሴ ነው የምገሽልጠው።"

እናት ጎኗን በሁለት እጇ ያዘች። ጠጠሩ ተነስቶባታል።

"ተቀመጪ" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። "ጠጠሩን ትተው ያንቺን ምላስ ቢያወጡልኝ ይሻለኝ ነበር።"