አንድ ጣት

«ታስላለች» አለ አብዱብ፣ ነጯን ፍየል በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ። «ሌሊቱን ሙሉ ስታስል ነው ያደረችው።»

ሪሃና ጆሮዋን ማመን አቃታት። ፍየሏ ከተወለደች ጀምሮ አስላ አታውቅም። ደግሞስ ሻጯ እሷ፣ ደላላው አብዱብ! ደላላ የሚያሻሽጠውን ከብት ሲያሞግስ እንጂ ሲያማ በሞያሌ ገበያ ታይቶ አይታወቅም። ከናይሮቢ የመጣው ነጋዴ ጆን ግን የሰማውን ሰምቷል። ዋጋ ሊነጋገሩ ከሻሉ ስር የሰደደውን እጁን መዝዞ አወጣና ጎንበስ ብሎ የፍየሏን አፍንጫ አየ።

«ምዜ፣ ትናንት ሁሉም ደህና ናቸው አላልከኝም?» አለ ሽማግሌውን በስዋሂሊ።

«ትናንት ትናንት ነው። ዛሬ ታማለች። የቀሩትንም አላህ ያውቃል።»

ጆን ሳቀ። «እሺ፣ እንግዲህ አስታሙ» ብሎ ወደ ሌላው መንጋ አለፈ።

«አቤራ!» አለች ሪሃና። አብዱብ የሟች አባቷ የሥራ ጓደኛ ስለነበር ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው «አቤራ»፣ አጎቴ፣ እያለች ነው። «ምን ነካዎት? ሐሙስ መንገደኛ መሆኔን እያወቁ! እነዚህን ሸጬ ካልጨረስኩ ፍየል አዝዬ ልሄድ ነው?»

የአብዱብ ዓይን መሬት መሬት ያያል። አምስት ዓመት የሞላት ልጇ ነጅዋ የነጯን ፍየል ጆሮ እያሻሸች፣ «አቤራ፣ እኛኮ በትልቁ መኪና ልንሄድ ነው» አለችው። ከሳምንት ወዲህ ያልነገረችው ሰው የለም። ሽማግሌው ራሷን ዳበሰና ፊቱን አዞረ። ሪሃና ያን ጊዜ ነው ንዴቷ በርዶ ሌላ ነገር ልቧ ውስጥ የገባው።

የመሄዱ ነገር ከተነሳ ሰንብቷል። ባሏ ሱፊያን በወዲያኛው ሞያሌ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ የልብስ ሱቅ ነበረው። በአንድ የግርግር ሰሞን ተቃጠለ። ድንበሩን ተሻግረው በኬንያ በኩል ሄሉ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ፤ ኪፓንዴ፣ የኬንያ መታወቂያ፣ የሌለው ሰው ግን እንኳን ሱቅ ሊከፍት ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ቤቱን ያቆሙት የሪሃና ፍየሎች ናቸው። ከጎልቦ ቆላ አርቢዎች ትገዛለች፣ ቡቲዬ መንደር ዘመድ ዘንድ አሰንብታ ታወፍራለች፣ አትርፋ ትሸጣለች። ሱፊያን ደግሞ ወንድሙ ጆበርግ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ልቡ ሸፍቷል፤ ወሬው ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ነው።

ሪሃና መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። የጎረቤቷ የሀዎ ባል «ቀድሜ ልየውና እወስድሻለሁ» ብሎ ከሄደ ወዲህ፣ ሀዎ ያገባች አትባል የተፈታች አትባል፣ ስልኳን እንደ ልጅ አቅፋ ነው የምታድረው። የደወለላት ሁሉ እሱ ይመስላታል። እኔ እንደዚያ አልሆንም አለች ሪሃና። ብዙ ተከራከሩ፣ ተኳረፉ፣ ታረቁ። በመጨረሻ፣ «አራታችን በአንድ መኪና ከሆነ እሺ፤ አንድ ሰው ተነጥሎ የሚወጣ ግን የለም» አለችው።

«በልጆቼ እምላለሁ፣ አራታችን» አለ ሱፊያን።

ከዚያ በኋላ ነው ፍየሎቿን መሸጥ የጀመረችው። ነጅዋን ከትምህርት ቤት አስወጣች። እናቷ ዘንድ ሄዳ ተላቅሳ፣ ተመራርቃ መጣች። አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ ሱፊያን፣ «መንገድ ላይ ማጥባት አይመችሽም፣ ሙደሲርን ጡት አስጥዪው» ሲላት፣ ዓመት ያልሞላውን ልጅ እሬት ቀብታ አስጣለችው። ልጁ ወደ ግድግዳ ዞሮ ሲያለቅስ እሷ ወደ በሩ ዞራ ስታለቅስ ሰነበቱ። ጡቷ እስከ ዛሬ ያማታል።

መኪናውን ያገኘላቸው አብዱብ ነው። ሹፌሩ ዱባለ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ እቃ ጭኖ ናይሮቢ የሚመላለስ ሰው ነው። ከናይሮቢ ወዲያ ያለውን ሌሎች ይረከባሉ። ስምምነታቸውም እንደ ፍየል ከጨርቅ ስር ተፈጸመ።

በዚህ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሁለት ሰዎች ይጨባበጣሉ፣ እጃቸው ላይ ጨርቅ ጣል ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚነጋገረው ጣት ነው። አንድ ጣት ከተያዘ አንድ፣ ሁለት ከተያዘ ሁለት። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው ጨርቅ ብቻ ነው። ደላላው የሁለቱንም ልብ ያውቃል፣ ለማንም አይተነፍስም። ከጨርቅ ስር የታሰረውን በአፉ የፈታ ደላላ በማግሥቱ ዱላውን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሁለተኛ እጁን የሚሰጠው የለም። ሪሃና ይህን የተማረችው ከአባቷ ነው። ሴት በመሆኗ እጇን በጉፍታዋ ጫፍ ጠቅልላ ትሰጣለች። መጀመሪያ የሳቁባት ነጋዴዎች ዛሬ እሷ ፊት ጣታቸውን ቆጥበው ነው የሚዘረጉት።

ከዱባለ ጋር የተደረገውን ስምምነት ግን የምታውቀው ሱፊያን እንደነገራት ነው፤ አራት ሰው፣ ሐሙስ።

«አቤራ» አለች አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፍየሎቼ እንዲሸጡ ያልፈለጉት ለምንድን ነው?»

«ደላላ ነኝ፣ ያ ኢንተላ፣ ልጄ። አትጠይቂኝ።»

«ስለ መኪናው ነው?»

«አትጠይቂኝ አልኩሽ! አባትሽ ቢኖር እሱም አይጠይቀኝም ነበር።»

«አባቴ ቢኖር በአፉ አይጠይቅዎትም ነበር» አለች ሪሃና። እጇን በጉፍታዋ ጫፍ ጠቅልላ ዘረጋችለት። «እሺ፣ እኔም በአፌ አልጠይቅም። ከዱባለ ጋር ሲጨርሱ ለስንት ሰው ያዙ?»

አብዱብ ግራና ቀኝ አየ። ሰዉ ሁሉ በየራሱ ገበያ ላይ ነው። ደንዳናው እጁ ከጨርቁ ስር ገባና መዳፏን አገኘ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ትንሿን ጣቷን ያዘ። ሪሃና የቀሩትን ጣቶች ይጨምራል ብላ ጠበቀች። አልጨመረም። ያቺኑ አንዷን ጣት ጠበቅ አደረገና ለቀቃት።

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለ፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

«አልተናገሩም።»

«የመኪና መውጫ ግን የጨርቅ ስር ነገር አይደለም። አገር ያውቀዋል። ዱባለ ዛሬ ነው የሚወጣ፣ የቀትሩ ዙህር ሳይሰገድ። ማደያው ጋ ቆሟል።»

አገር ያውቀዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለሪሃና ኖሯል። ሱፊያን ጠዋት ሲወጣ ወዲያ ማዶ ያለችውን አክስቱን ሊሰናበት እንደሆነ ነግሯት፣ ሙደሲርን ስሞ፣ «ሽንኩርት ላምጣ ወይስ ቤት አለ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ሽንኩርቱ ነው ከሁሉ የቆጠቆጣት። እንዴት ያለ ልብ ነው፣ ላይመለስ የሚወጣ ሰው ስለ ሽንኩርት የሚጠይቅ?

«ፍየሎቼን ይዩልኝ» አለችና ሙደሲርን ጀርባዋ ላይ አጥብቃ፣ ነጅዋን ይዛ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ወጣች።

ማደያው አጠገብ ከባድ መኪኖች ተደርድረዋል። የዱባለን ከሩቅ ለየችው፤ ሞያሌ በቆመ ቁጥር ነጅዋ እንድታሳያት ስለምትለምናት ታርጋውን ሳይቀር ታውቀዋለች። ዱባለ ጎማ እየመታ ይዞራል። ሱፊያን ሻንጣውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በጋቢናው በር በኩል ቆሟል። አዲሱን ጃኬት ለብሷል። ለመንገድ ብላ የገዛችለት እሷ ናት።

ሲያያት ደነገጠ። ቀጥሎ ያደረገው ፈገግ ማለት ነበር፣ እሱ ነው የባሰው።

«ሪሁ! ምነው፣ ገበያ አልነበርሽም?»

«ሽንኩርቱን ልቀበልህ መጥቼ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። ሻንጣውን ወደ ኋላው ገፋ አደረገ፣ እንዲህ ያለ ሻንጣ በሰው ጀርባ ይደበቅ ይመስል። «ስሚኝ፣ ልነግርሽ ነበር። ሰውዬው ልጆች አልጭንም አለ። ሕፃን ያለቅሳል፣ ኬላ ላይ ያስይዘናል ብሎ አስቸገረ። ምን ላድርግ? እንግዲህ እኔ ልቅደምና...»

ሪሃና ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ወንድሜ፣ ልጆቼን አልጭንም ብለሃል?»

ዱባለ ጎማ የሚመታበትን ብረት እንደያዘ ቆመ። ተራ በተራ አያቸው። ነገሩ ገብቶታል፤ መግባት ግን አልፈለገም።

«እህቴ፣ እኔን በባልና ሚስት መሃል አታስገቢኝ።»

«አንድ ቃል ነው የምፈልገው። አልጭንም ብለሃል?»

«እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ስለ ልጆች የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ ዱባለ። «አንድ ሰው ተባልኩ፣ አንድ ሰው አልኩ። እሱም ከረመዳን በፊት ነው።»

ከረመዳን በፊት። ፍየሎቿ ሙሉ ነበሩ ያን ጊዜ። ነጅዋ ትምህርት ቤት ነበረች። ሙደሲር ጡት ይጠባ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ይኸኛው ፈረስ ግን ሊጥላት ሲያስብ ሁለት ወር ሙሉ ከእጇ ሲበላ ኖሯል። ሪሃና የመኪናውን ጎን ተደገፈች።

«ታዲያ ልጄን ለምን ጡት አስጣልከኝ?» አለች። ብዙ የምትለው ነበራት፣ የወጣው ግን ይኸው ነው።

ሱፊያን ዓይኑን ሰበረ። «ካላየሽ አታምኚኝም ነበር። እንደምንሄድ ካላመንሽ ፍየሎቹን አትሸጪም። ብነግርሽ ትለቂኝ ነበር? አትለቂኝም! ወንድሜ ብቻህን ና፣ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ መንገድ ላይ ይቀራል አለኝ። ለእናንተ ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

«ይህንኑ ብትነግረኝ እኮ ሰው ነኝ፣ እሰማለሁ። ታለቅስ ይሆናል ብለህ ነው እንደ ሌባ የምትወጣው?»

«ፈራሁ» አለ። እውነት የተናገረው ይህን ብቻ ይመስላል።

ነጅዋ በዚህ መሃል የጋቢናውን ከፍታ አንጋጣ እያየች ነበር። አባቷን ጃኬቱን ጎተተችው። «አቢ፣ እኔ የት ጋ ነው የምቀመጠው? በመስኮቱ በኩል ብለኸኛል።»

ሱፊያን በርከክ አለና ጉንጯን ሳማት። «በመስኮቱ በኩል ነው፣ የኔ ልጅ። ዛሬ መኪናው ሞልቷል። ነገ እመጣና እወስድሻለሁ። እስከዚያ ጎበዝ ሆነሽ ጠብቂኝ፣ እሺ?»

ሪሃና ሰማችው። ቃሉ ለስላሳ ነበር፣ ዓይኑም አልሸሸ። አራታችን፣ በልጆቼ እምላለሁ ያለው በዚሁ ድምፅ ነው። አሁን ደግሞ የማለባቸውን ልጆች ራሳቸውን ሲዋሽ አንደበቱ እንኳ አልተደናቀፈም። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ልቧ ውስጥ ትንሽ ቦታ ለይታለት ነበር፤ ቢለምናት፣ ቢያለቅስ፣ ምናልባት እጠብቅህ ይሆናል የምትልበት። ያ ቦታ አሁን ተዘጋ።

«ነጅዋ፣ ነይ ወደዚህ» አለች። ልጅቷ መጣች። ሪሃና ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኗን እያየች ተናገረች። «አባትሽ ነገ አይመጣም። ሩቅ አገር ነው የሚሄደው፣ ብቻውን። መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። እኛ እዚሁ ነን።»

«ምን ነካሽ? ልጅ እኮ ናት!» አለ ሱፊያን።

«ልጅ ናት። ለዚህ ነው የምነግራት።»

ነጅዋ አፏን ከፍታ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን አየች፣ ከዚያ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ ማልቀስ ጀመረች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሙደሲርም እህቱን ሰምቶ ተቀበላት። ዱባለ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ መሄጃው ስለደረሰ ይሁን ለቅሶውን ላለመስማት አይታወቅም።

«ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ» አለ ሱፊያን። አንድ እግሩ መርገጫው ላይ ነው፤ እጁም የበሩን እጀታ አልለቀቀም። «ሪሁ፣ ተናገሪ። ቅር በይኝ።»

ሪሃና እጀታውን የያዘውን እጁን አየች። «ሂድ» አለችው። «በሰላም ግባ።»

ትከሻው ቀለል ሲለው በዓይኗ አየች። ሱፊያን ሻንጣውን ወደ ውስጥ ወረወረና ዞረ። «ናይሮቢ ስገባ እደውላለሁ። ከዚያም ከደረስኩበት ሁሉ። ዓመት አይሞላም፣ አስመጣችኋለሁ። ጠብቂኝ፣ እሺ?»

ሪሃና ወደ መኪናው ተጠጋችና ቀኝ እጇን ዘረጋችለት። የሚሰናበቱ መስሎት እጁን ሰጣት። አልጨበጠችውም።

«የቤቱን ቁልፍ» አለች።

ሱፊያን ግራ ተጋባ። ኪሱን ዳሰሰ፣ ቁልፉ አለ። «አንቺ ዘንድ አንዱ አለ አይደል እንዴ?»

«አለኝ» አለች ሪሃና፣ እጇን ሳታጥፍ። «ያንተን ነው ያልኩህ።»