የጥይት ግራ ጉልበት

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው የዩኒቨርሲቲውን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተቀያሪ የግራ ክንፍ አላያትም። እሷ ሦስት ዛፍ ላይ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ለተግባር ልምምድ ከተመደበችበት ክሊኒክ ገብታ የሰው ወገብና ትከሻ ስታሽ ታረፍዳለች፤ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ስለዚያው ወገብና ትከሻ ትማራለች፤ አመሻሹ ላይ ታኬታዋን አጥልቃ ሜዳ ትወርዳለች። ደብተሮቿ ላብ ላብ ይሸታሉ፤ የስፖርት ቦርሳዋ ደግሞ ክሊኒክ ክሊኒክ ይሸታል። አንዴ ፈተና ላይ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርጋት የአናቶሚ መምህሯ ጠረጴዛዋን ቆርቆር አድርጎ፣ «እዚህ ተቀይሮ የሚገባልሽ የለም» ብሏታል።

የቡድኑ ልጆች ወጌሻ ይሏታል። ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት፣ ጡንቻዋ የተሸማቀቀባት ሁሉ ከሐኪም በፊት የምትሮጠው ወደ እሷ አልጋ ነው። መጀመሪያ ስሙን ስትሰማ ኮስተር ብላ፣ «ዓይኔ እስኪጠፋ የማነበው ወጌሻ ለመባል ነው?» አለች። እንዲያ በማለቷ ስሙ ይበልጥ ተለጠፈባት።

በተቀያሪነት የቆየችው ኳስ ስለማትችል አልነበረም። ግራ ክንፉ ባለቤት ስለነበረው ነው። የክንፉ ባለቤት ጥይት ትባላለች፤ ስሟን ያወጣላት ሩጫዋ ነው። ጥይትና ወጌሻ የአንድ ክፍል፣ ያውም የአንድ ተደራራቢ አልጋ ልጆች ናቸው፤ ጥይት ከላይ፣ ወጌሻ ከታች። ሳሙናቸው አንድ፣ የጫማ ቁጥራቸው አንድ ነው። አንዷ የሌላዋን ካልሲ አድርጋ ብትወጣ ጠያቂ የለም። ይዋደዳሉ። ወጌሻ አትቀናም ነበር ማለት ግን ውሸት ነው። ትቀናለች። ቅናቷ እንደ ተቦረቦረ ጥርስ ነው፤ ካልነኩት ቀኑን ሙሉ ተረስቶ ይውላል።

የሚነኩት አባቷ ነበሩ። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ቀልድም ከልጃቸው የማይተናነስ ይወዳሉ። ከጨዋታ በኋላ ሳይደውሉ አይቀሩም።

«ተጫወትሽ?»

«አልገባሁም አባባ።»

«ለመቀመጥ ከሆነማ እኛም ቤት ወንበር ሞልቷል። ምነው ልጄ፣ ያን ሁሉ መንገድ?»

ትስቃለች። ስልኩን ስትዘጋ ጥርሱ ይጠዘጥዛታል።

ለዋንጫው ጨዋታ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀር ጥይት ልምምድ ላይ ዘላ ስታርፍ ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አልጮኸችም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቅፋ ቀረች። በማግስቱ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። ወደ ላይ መውጣት ስላቃታት አልጋ ተቀያየሩ። የቡድኑ ልጆች የሚታዩት ወጌሻ በምትለማመድበት ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ አንጋፋ ፊዚዮቴራፒስት ናቸው። ጉልበቱን ነካክተው አዩትና፣ «ዕብጠቱ ሳይጎድል ምንም አልልም። ሐሙስ እናየዋለን» አሉ።

አሠልጣኙ መልበሻ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ነገረ። ጥይት ከደረሰች ጥይት ትሰለፋለች፤ ካልደረሰች ወጌሻ ትገባለች። ወጌሻ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ከዚያ ደስ በማለቷ አፈረች። ይህ ሁሉ የሆነው የጫማዋን ክር ቋጥራ እስክትጨርስ ነው።

«ቆይ ቆይ» አለች በረኛዋ፤ አፏ ከእጇ የሚፈጥን ልጅ ናት። «የጥይትን ጉልበት የምታየው ማን ናት? ወጌሻ። የምትተካትስ? ወጌሻ። ጥይትዬ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጥይትም ሳቀች። «የኔዋ ወጌሻ አታስቀረኝም» ብላ ክንዷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ወጌሻም አብራ ሳቀች፤ ጎንበስ ብላም የቋጠረችውን የጫማ ክር ፈትታ እንደገና ቋጠረችው።

ሐሙስ ክሊኒኩ ሰው በሰው ሆኖ ዋለ። ኃላፊዋ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሉ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ። «ጓደኛሽን አንቺ እያት፤ እኔ እዚህ አጠገብሽ ነኝ» አሉ። ወጌሻ፣ «እሷን እኔ ማየት የለብኝም» ልትል ይገባት ነበር። አፏ ድረስም መጥቶላት ነበር። ግን ኃላፊዋ መጋረጃውን ለቀው ሄዱ፤ ከወዲያ በኩል አንድ ወገቡን የታመመ ሰውዬ እያቃሰተ ነው።

ጥይት በጀርባዋ ተጋደመች። ዕብጠቱ ጎድሏል። ወጌሻ ጉልበቱን በትንሹ አጥፋ፣ በአንድ እጇ ጭኗን ከላይ ያዘች፤ በሌላው ቅልጥሟን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ጤነኛ ጉልበት ሲሳብ ትንሽ ይመጣና እንደ ተወጠረ ገመድ ገታ ይላል። ቀኙን ሳበችው፤ ገታ አለ። ግራውን ሳበችው፤ መጣ፣ መጣ፣ ትንሽም አለፈ። መቆሚያውም ለስላሳ ነበር። ደገመችው። እጇ ያንኑ ነገራት።

ቀና ስትል ጥይት ዓይን ዓይኗን ታያታለች። አልለመነቻትም። «አንቺ ያልሽውን እቀበላለሁ» ብቻ አለቻት።

ያኔ ነው የመልበሻ ክፍሉ ሳቅ እንደገና የተሰማት። አትጫወትም ብትል ማን ያምናታል? በረኛዋ ምን ትላለች? ማታ ከታች ተኝታ ጥይት ራሷ ምን ታስባለች? ሦስት ዓመት ወንበር ስታሞቅ ኖራ፣ ዕድል ስታገኝ ጓደኛዋን በገዛ እጇ አስቀረች ይባላል።

«እንዴት ነው?» አሉ ኃላፊዋ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ጥሩ ነው» አለች ወጌሻ።

«ገታ ይላል?»

«ገታ ይላል።»

ኃላፊዋ በእጅ ያምናሉ። «አፍ ይዋሻል፤ እጅ አይዋሽም» ማለት ይወዳሉ። እጅ የነገረውን የሚያወራው ያው አፍ መሆኑን ያን ዕለት ረሱት፤ ለአሠልጣኙ ደውለው ትጫወት አሉት። ጥይት ከአልጋው ወርዳ የወጌሻን አንገት አቅፋ ሳመቻት። መሳሙ ከጥፊ የባሰ አመማት።

ዓርብ ከሰዓት ፈተና ነበራት። ከጥያቄዎቹ አንዱ ጅማቱ የላላ ስፖርተኛ ወደ ጨዋታ ይመለስ ወይስ አይመለስ፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው የሚል ነበር። ወጌሻ አይመለስም ብላ ምክንያቱን ከነዝርዝሩ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችው። በኋላ እንደታየው ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች።

ይሉኝታ የሚሉት ነገር ክፋቱ ደግነት መምሰሉ ነው። ወጌሻ ለራሷ፣ «ቦታውን ለጓደኛዬ ለቀቅኩላት» ስትል ዋለች። እንዲያ ሲሉት ያምራል። ማታ ጋደም ብላ ከታች የጥይትን ፉጨት ስትሰማ ግን የለቀቀችው የራሷን ቦታ ሳይሆን የሰው ጉልበት እንደሆነ ገባት። ገብቷትም ዝም አለች።

ቅዳሜ የሜዳው ዙሪያ ሞልቶ ነበር። ወጌሻ ወንበሯ ላይ ናት። ሌሎቹ ተቀያሪዎች ኳሱን ሲያዩ እሷ የምታየው አንድ ጉልበት ነው። ጥይት ቀጥ ብላ ስትሮጥ ምንም አልነበራትም፤ ተከላካዮቹን ጥላቸው ስትሄድ ደጋፊው ከመቀመጫው ይነሣል። ወጌሻም፣ «ምናልባት እጄ ተሳስቶ ይሆናል» ብላ መተንፈስ ጀመረች። ከዚያ ጥይት ኳስ ይዛ በድንገት ወደ ውስጥ ዞረች። ጉልበቷ አብሯት አልዞረም። ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ተመለሰ። ጥይት አልወደቀችም፤ እጇን ጭኗ ላይ ጫን አድርጋ ትንሽ ቆመችና ሩጫዋን ቀጠለች። ከዚያ ሁሉ ተመልካች ይህን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለዕረፍት ሲወጡ አሠልጣኙን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ያዘችው።

«ኮች፣ ጥይት መውጣት አለባት።»

«ለምን?»

«ጉልበቷ አልዳነም። ጅማቱ ልቅ ነው።»

«ሐሙስ ደህና ናት አላላችሁኝም?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ዋሽቼ ነው።»

አሠልጣኙ የውሃውን ጠርሙስ አፉ ድረስ አድርሶ መለሰው። «ምን ሆነሽ?»

«ቦታዋን ፈልጋ ነው እንዳልባል።»

«አሁንስ አትባዪም?»

«እባላለሁ።»

የጠርሙሱን ክዳን በንዴት ጠምዝዞ ዘጋው። «በይ ተሟሟቂ» አላት።

«እኔ አልግባ ኮች። ሌላ ሰው ይግባ። እኔ ከገባሁ ማንም አያምነኝም።»

«ሌላ ግራ ክንፍ ከኪሴ ላውጣ? አንዴ በይሉኝታ ዋሸሽ፤ አሁን ደግሞ በይሉኝታ ቡድኑን ባዶ ልታስቀሪው ነው? ማመን የእነሱ ፋንታ ነው። አንቺ ሩጪ።»

ጥይት መውጣቷ ሲነገራት መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ዓይኗ ከአሠልጣኙ ወደ ወጌሻ ዞረ። ወጌሻ ቱታዋን እያወለቀች ነበር።

«አንቺ?» አለች ጥይት።

«ሐሙስ ዕለት ጉልበትሽ ልቅ ነበር። ደብቄሽ ነው። አሁን ስትዞሪ ሲሸሽ አየሁት።»

ማንም አልሳቀም። በረኛዋ እንኳ ዓይኗን ጓንቷ ላይ ተከለች። ጥይት የቅልጥም መከላከያዎቿን አውጥታ ወለሉ ላይ ወረወረቻቸው። ከልጆቹ አንዷ፣ ማን እንደሆነች ወጌሻ ዞራ አላየችም፣ «ቀን መርጣለታለች» ስትል ተሰማች።

ሦስት ዓመት የጠበቀችውን ጨዋታ እንዲህ ገባችበት። የገዛ ደጋፊዎቻቸው በፉጨት ተቀበሏት፤ የፈለጉት ጥይትን ነው፣ አይፈረድባቸውም። የመጀመሪያዎቹ ኳሶች እግሯ ላይ እየነጠሩ አመለጧት። ከዚያ እግሯ ሜዳውን አስታወሰ። ሮጠች፣ ተጋፋች፣ አንድ ኳስ ከመስመር ላይ አሻምታ የመሐል አጥቂዋ በጭንቅላቷ ስትገጨው አግዳሚውን መትቶ ተመለሰ። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ጥይት ብትኖር ዋንጫው የእኛ ነበር የሚሉ እስካሁን አሉ፤ ሊሆን ይችላል።

አባቷ ደወሉ።

«ተጫወትሽ?»

«ተጫወትኩ አባባ።»

«እሰይ። ወንበሩስ?»

«ጥይት ተቀመጠችበት» አለችና ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ቀልድ አልመጣላቸውም፤ እስክትጨርስ ስልኩን ይዘው ቆዩ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ገብታ ለኃላፊዋ ሁሉንም ነገረቻቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ይህን የሚያደርጉት ሲከፋቸው ነው። «ሳላይ ትጫወት ያልኩት እኔ ነኝ፤ የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው» አሉ። «ግማሹን ግን አንቺ ትሸከሚያለሽ።» ልምምዷን አላለፉላትም። በሚቀጥለው መንፈቅ ከመጀመሪያው ትደግመዋለች፤ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ማለት ነው። እስከዚያ ሕመምተኛ አትነካም፤ አንሶላ ትቀይር፣ በረዶ ታመላልስ ተባለ። ወጌሻ በዚያው ሄዳ የመጀመሪያውን አልጋ አንሶላ ገፈፈች።

ጥይት ምስል ተነሣች። ጅማቱ ተተርትሯል፤ ግን አልተበጠሰም። አንድ ክፉ መዞር ይበቃው ነበር። ቀዶ ሕክምና ባያስፈልገውም ወራት የሚፈጅ ልምምድ ይፈልጋል። ይህንን ወጌሻ የሰማችው ከበረኛዋ ነው፤ ጥይት ክፍል ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከመተኛት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰችላትም። ሳሙናቸው ሁለት ሆነ።

ከሳምንታት በኋላ ጥይት ለክትትል መጣች። በሚመጣው ወር ሜዳ እንደምትመለስ ላገኘችው ሁሉ ስታወራ ሰንብታለች። ኃላፊዋ መጋረጃውን እየሳቡ፣ «ነይ ልይሽ» ሲሏት አልጋው ላይ ወጣችና፣ «ወጌሻ ትየኝ» አለች።

«እሷ አሁን ሰው አትነካም።»

«አውቃለሁ። እሷ ትየኝ።»

ኃላፊዋ ሁለቱንም አዩአቸውና መጋረጃውን ለቀው ወጡ። ብዙም አልራቁም፤ ጫማቸው ከመጋረጃው ሥር ይታያል። ወጌሻ ያቀፈችውን አንሶላ አስቀምጣ ቀረበች።

«አኩርፌሻለሁ» አለች ጥይት ጣሪያውን እያየች።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ስላስወጣሽኝ አይደለም። ሐሙስ አትጫወቺም ብትዪኝ አለቅስ ነበር፣ እሰድብሽም ይሆናል። ቅዳሜ ግን ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ ስምሽን እየጠራሁ እጮህልሽ ነበር። አንቺ በረኛዋን ሰማሽ። ያልሽውን እቀበላለሁ ያልኩሽን እኔን አላመንሽኝም።»

እውነት መሆኑን ወጌሻ ታውቃለች። «ይቅር በዪኝ» አለች።

ጥይት ይቅርም አላለች፣ አይሆንምም አላለች። ሱሪዋን ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበችና፣ «በይ ሳቢው» አለች።

ወጌሻ መዳፎቿን አሻሽታ አሞቀቻቸው። ቀኙን ሳበችው፤ ገታ አለ። ግራውን ሳበችው። መጣ፣ መጣ፣ አለፈ። ጥይት ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ታያታለች።

«እንዴት ነው?» አሉ ኃላፊዋ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ልቅ ነው» አለች ወጌሻ፣ ከጥይት ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። «ገና ነው።»

ጥይት ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ በጎን በኩል ወደ ጆሮዋ ወረደ። ከዚያ እጇን ሰዳ የወጌሻን እጅ ያዘችና እዚያው ጉልበቷ ላይ አቆየችው።