ሦስተኛው ብሎን

ሱቄ ሙልታን ከተማ፣ ገበያ ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ናት። ስልክ እጠግናለሁ። ድሮን መፍታት የጀመርኩት የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች እያመጡ ስለለመኑኝ ነው። ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት።

ረቡዕ ዕለት ሻጉፍታና ባሏ ታንዚል ድሮናቸውን ይዘው መጡ። እሷ የሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ትቀርጻለች፣ እሱ ከውጭ ሆኖ ድሮኑን ያበርራል። አንዱ ሞተር አልዞር ብሏል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ አለባቸው።

“ዓርብ ከሰዓት ኑና ውሰዱት” አልኳቸው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጀመርኩ። ሞተሩን የያዙት ብሎኖች አራት ናቸው፤ ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ፤ ከፋብሪካ ሲወጡ በሙጫ ታስረው ነው። መጀመሪያ ሙጫውን በሙቅ አየር ማላላት፣ ከዚያ ልኩ የሆነውን ካቻቢቴ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ጫን እያሉ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ሁለቱን እንዲያ ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ አዛን ተሰማ። ፊተኛው ሰልፍ ላይ መስገድ እወዳለሁ። ሳላሞቀው፣ እንደ ገበያችን ልማድ ደረጃው ድንጋይ ላይ በሞረድኩት አሮጌ ካቻቢቴ ጠመዘዝኩት። ሸርተት አለ። ደገምኩት። የብሎኑ ጥርስ ተበልቶ ክብ ጉድጓድ ሆነ። ትቼው ወደ መስጊድ ሮጥኩ።

ስመለስ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሻጉፍታ አጎንብሳ ብሎኑን አየችው።

“ይሄ ምን ሆኖ ነው፣ ኡስታድ?” አለችኝ፤ እኛ ዘንድ የእጅ ባለሙያ የሚጠራው እንዲህ ነው።

“ላሽቷል” አልኩ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ቀጥዬ ግን፣ “ከዚህ በፊት የነካው ሰው ነበር?” አልኳት።

ወደ ባሏ ዞረች።

“አንተ! ባለፈው ወር ክንፉን ስትቀይር ነው፣ አይደል?”

“ሞተሩን አልነካሁም።”

“የጁስ መፍጫዬንም ‘አልነካሁም’ ነበር ያልከው!”

ጎረቤቴ፣ ባትሪ ሻጩ ገፋር፣ ሳቁን ለቀቀው። “እህቴ፣ ለዚህ ሰውዬ ማንኪያም አታውሺው!”

ታንዚል አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። “ወላሂ...”

“አትማልብኝ! ነገ ድሮኑን የእህቴ ልጅ ያበርራል። አንተ ቤት ቁጭ በል።”

ጆሮው ቀላ። አንገቱን ደፋ። የስጋጃው ምልክት ገና ከግንባሬ አልጠፋም ነበር።

“እህቴ” አልኩ፣ “እኔ ነኝ።”

“ምኑ?”

“ያላሸሁት እኔ ነኝ። ለሶላት ስቸኩል። ስትሰጡኝ ደህና ነበር።”

ገፋር ወደ ባትሪዎቹ ዞረ። ሻጉፍታ፣ “ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?” አለች።

ድሮኑን ወደ እኔ ሳብኩ።

ሙጫውን አሞቅሁ። የብሎኑ ጭንቅላት ላይ ስስ ላስቲክ ጣል አድርጌ አዲሱን ካቻቢቴ ተጫንኩ። አልዞረም። ታንዚል ሳልጠይቀው የድሮኑን ክንድ ግጥም አድርጎ ያዘልኝ። እንደገና አሞቅሁት። በመጨረሻ ትንሽ ነቅነቅ አለና ወጣ። አራተኛውንም ፈትቼ ሞተሩን ቀየርኩና በአዳዲስ ብሎኖች አሰርኩ።

“ነገ በጊዜ ተነሳ” አለችው ሻጉፍታ፣ ሳታየው።

“የእህትሽ ልጅስ?”

“ዝም በል እንግዲህ!”

“ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ” አልኩት።

“አውፍ ብያለሁ” አለ ታንዚል። ከዚያ ድሮኑን ወደ ብርሃኑ ገልብጦ፣ እኔ ያልነካኋቸውን ሳይቀር፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አያቸው። ደንበኛ እንዲህ አድርጎብኝ አያውቅም። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁት።