የካምቢዮ ዘይት በሐረጎ ዳገት

ጁነይድ ውሸታም አይደለም። እሱ ራሱ እንደሚለው እውነት ስታንስበት የሚሞላላት ሰው ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ “ክፍሉ ጠበበኝ” ብሎ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የተማረውን ሁሉ የተማረው መሪ ጨብጦ ነው። እዚያ ደግሞ የሚያርም መምህር ስለሌለ መልሱ ሁሉ ትክክል ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ፣ ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር፣ ስመኝ የምትባል ሴት ሻይ ቤት አላት። ጭነት በዘገየ ቁጥር የጁነይድ ወሬ ይረዝማል። አንድ ቀን ሾፌሮቹ የዘይት ነገር አነሱ። አንዱ የዘንድሮ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል ይላል፤ ሌላው “የኔ መኪና ዘይት የሚጠጣው ከኔ ሻይ በላይ ነው” ይላል። ጁነይድ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይሄኔ ስመኝ “መጣልን!” ብላ የስኳር ዕቃዋን አነሳች፤ እሱ ሲያወራ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ስኳር ይጨምራላ።

“እናንተ ለሞተር የሞተር ዘይት ትሞላላችሁ” አለ ጁነይድ፣ እንዳዘነ ሰው። “ስህተታችሁ እዚህ ላይ ነው።”

“ታዲያ ምን እንሙላ፣ አጥሚት?” አለው ተሳቢ የሚነዳው ሀፊዝ።

“የካምቢዮ ዘይት! ያንን ማርሽ ሳጥን ውስጥ የሚሞላውን ወፍራሙን! አንድ ጊዜ አፋር ወርጄ ሙቀቱ ዘይቴን ውሃ አደረገብኝ። የተገኘው የካምቢዮ ዘይት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ገለበጥኩት። ከዚያ ሐረጎን በአራተኛ ማርሽ ወጣሁት፣ ጭነቴን እንደተሸከምኩ! ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። አስፋልት ዳር የተኛ ውሻ እንኳ አልነቃም። ጋቢና የተቀመጡት ሼህ ‘ልጄ፣ መኪናውን ምነው አጠፋኸው?’ ይሉኛል፤ እኛ እኮ ሚኒባስ እየቀደምን ነው! ደሴ ስገባ ናፍጣውን ባየው ጨምሮ አገኘሁት።”

ሳቁ ሻይ ቤቱን አናወጠው። ሀፊዝ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ያውቀዋል፤ ጭነት ይዞ በአራተኛ ማርሽ እወጣዋለሁ ማለት ግመል ተሸክሜ ጦሳ ተራራ ላይ እሮጣለሁ እንደማለት ነው።

ክፋቱ፣ አንድ ሰው ሳቁ ከመጀመሩ በፊት ተነስቶ ወጥቶ ነበር። ጋሽ በላቸው።

ጋሽ በላቸው ጁነይድን መንዳት ያስተማሩት የደሴ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ነድተው፣ በስተርጅና አንድ አሮጌ አይሱዙ የራሳቸው አደረጉና ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደጃቸው ላይ አቆሙት። እሱን ካጡ ሌላ የላቸውም። መኪናው ግን ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ ጎረቤት ሁሉ የታጠበ ልብሱን ከገመድ ያወርዳል። የሰው መኪና ሲነዱ ዘይት የባለቤቱና የመካኒኩ ጉዳይ ስለነበረ፣ እሳቸው ስለ ዘይት የሚያውቁት እጅ እንደሚያቆሽሽ ብቻ ነው። ስለዚህ “ጭስ የለ” የምትለዋን ቃል ይዘው፣ ወሬው እንዳለቀ ሻያቸውን ትተው በቀጥታ ወደ ዘይት ሱቅ ሄዱ።

በማግስቱ ከደሴ በሚኒባስ ወርደው ስመኝ ቤት ብቅ አሉ። ጁነይድን ከወንበሩ አንስተው ጉንጩን ሳሙት።

“ተባረክ ልጄ! ሞላሁት!”

“ምኑን ጋሼ?”

“የካምቢዮ ዘይቱን ነዋ! የድሮውን አፍስሼ፣ ሞተሩን በሱ ጢም አደረግሁት።”

ጁነይድ ክንዳቸውን ያዘ። “አስነስተውታል?”

“ኧረ ገና ነው። ባለቤቴ የኔነሽ ሳይመረቅ አይነሳም ብላ ቄሱንም ሼሁንም ጠርታለች። ዛሬ ከሰዓት ይመረቅና ይነሳል። አንተም እንድትኖር ብዬ ልወስድህ ነው የመጣሁት።”

ጁነይድ አንድም ሚስት፣ አንድም መካኒክ፣ አንድም የትራፊክ ፖሊስ ሊያስደርገው ያልቻለውን ነገር በራሱ ፈቃድ አደረገ። እውነቱን ተናገረ።

“ጋሼ፣ ውሸቴን ነው። እንዳያስነሱት! ሞተሩ ይደርቅብዎታል።”

ጋሽ በላቸው ፈገግ አሉ። ክፉ ፈገግታ ነው። “አሃ። ምስጢሩን ማውጣትህ ቆጨህ።”

“የምን ምስጢር! ወላሂ ውሸት ነው! ሀፊዝ፣ እባክህ ንገራቸው!”

ሀፊዝ እንዲህ ያለ ቀን እስኪመጣለት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። “እውነቱን ነው ጋሼ” አለ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። “እኔ እኮ ከኋላው ነበርኩ። እንዲያውም አምስተኛ አስገብቶ ነበር፤ ትሑት ስለሆነ ነው አራተኛ የሚለው።”

“አንተ ቀጣፊ!” አለ ጁነይድ። ይህን ቃል በሕይወቱ ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ አፉ ውስጥ እንግዳ ሆነበት።

ጎትቶ ወደ ራሱ መኪና ወሰዳቸው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ጫፉን አሳያቸው። “ይኸው፣ እኔ የምሞላው ተራውን ነው፤ ለናፍጣ ሞተር የተሠራውን።”

ጋሽ በላቸው ዘይቱን አይተው ፊታቸውን አጠቆሩ። “ይሄንን ሬንጅ ነው የምታጠጣው? የኔ እኮ እንደ ማር ያበራል!”

“መጥቆሩ ሥራ ሠርቶ ነው እኮ! ናፍጣው የሚተወውን ጥቀርሻ አጥቦ፣ ተሸክሞት ይዞራል፤ ከዚያ በጊዜው እናፈሰዋለን። እትዬ የኔነሽ ልብስ አጥበው እጣቢው ጥርት ብሎ ቢወጣ፣ ልብሱ ታጥቧል ይላሉ?”

“አንተ ስለ ልብስ አጠባ ምን ታውቃለህ?” አሉት ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አይተው። ጁነይድ ዘንጉን ወደ ቦታው መለሰ።

ደግነቱ ጁነይድ ለደሴ ሲሚንቶ ጭኖ ነበር። “ይግቡ ጋሼ” አለ በመጨረሻ። “አብረን እንውጣ። ሐረጎን በአራተኛ ከወጣሁት ያስነሱት። ካልወጣሁት ዘይቱን ያፈሳሉ።” ጋሽ በላቸው ተስማምተው እጁን መቱትና ገቡ። ስመኝ ከደጃፏ ሆና “ጁኔ፣ ውሻውን እንዳትቀሰቅሰው!” ብላ ሸኘችው።

ከሜዳው እስኪወጡ ደህና ነበር። ዳገቱ እንደጀመረ መኪናው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ወረደ፤ ሁለተኛ ላይም ሆኖ አቃሰተ። ሚኒባስ ቀደማቸው። ቆርቆሮ የጫነ ሌላ መኪና ቀደማቸው። መጠምዘዣው ላይ በግ ከሚነዱ ሰዎች ጋር ተካከሉ፤ አንደኛው ሰውዬ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ “ሰላም ናችሁ?” ብሎ፣ ስለ ቤተሰብ ጠይቆ፣ የዝናቡን ሁኔታ አውርቶ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ቀደማቸው። ቢያንስ ጁነይድ በኋላ ሲያወራው እንዲህ ነበር። ሌላው ቀርቶ የዛሬዋን እውነት እንኳ ሳይሞላላት መተው አልቻለም።

“አየህ” አሉ ጋሽ በላቸው። “ነዳጅ አትሰጠውም። አውቀህ ነው የምታስመስለው።”

“ረግጫለሁ ጋሼ! እግሬ ከዚህ በላይ ከረገጠ አስፋልቱን ይነካል!”

“ውረድና እኔ ልያዘው።”

ጥጉን ይዘው ቆሙና ቦታ ተለዋወጡ። ጋሽ በላቸው መሪውን ሲጨብጡ ወገባቸው ቀና አለ። በአንደኛ ተነሱ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አስገቡ፤ መኪናው ተንቀጠቀጠ። አራተኛ ሞከሩ። ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው ሦስቴ ተንዘፈዘፈና ሊጠፋ ሲል ቶሎ ብለው ሁለተኛ አስገብተው አዳኑት።  ከገዛ እግራቸው በቀር ማንንም የማያምኑ ሰው ነበሩ፣ እግራቸውም ነገራቸው።

ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ “ጁነይድ” አሉ።

“አቤት ጋሼ።”

“ውሻውስ?”

“ውሻም አልነበረ።”

“ሼሁስ?”

“ሼህም የሉም።”

“ናፍጣው ጨመረ ያልከውን እንኳ እኔም ተጠራጥሬው ነበር” አሉ፣ ክብራቸውን ለመጠበቅ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ባስነሳው ምን ይሆን ነበር?”

ጁነይድ ለአንድ ጊዜ ምንም ሳይጨምር ነገራቸው። ደሴ ብርድ ናት፤ ያ ወፍራም ዘይት በብርድ ይረጋል። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ዘይቱን ቶሎ ስቦ ወደ ላይ ማድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ብረት ከብረት በደረቁ ይፋጫል። አንዴ ከተፋጨ በየቀኑ እየተበላ ይሄዳል፣ ሲብስም ሞተሩ ቀጥ ይላል። የናፍጣ ሞተሩ ዘይት ግን በብርድም ይፈሳል፣ ታች አፋር ሲወርዱም እንደ ውሃ አይቀጥንም። ጭሱ ደግሞ የመጣው ውስጡ ያሉት የፒስተኑ ቀለበቶች ስለተበሉ ነው። እሱን መካኒክ ይክፈተው እንጂ ዘይት አይጠግነውም።

“ይሄን ሁሉ እያወቅህ ነው ያንን ያወራኸው?”

“ይሄኛው አያስቅማ” አለ ጁነይድ አንገቱን ደፍቶ። ጋሽ በላቸው አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ማጅራቱን በጥፊ አሉት። ትክክለኛ ጥፊ ነበር፤ ምንም አልተጨመረበትም።

ቧንቧ ውሃ ሲደርሱ ደጃፉ በሰው ሞልቷል። ቄሱ ጸበሉን ረጭተዋል፣ ሼሁ ዱዓቸውን ጨርሰዋል። እትዬ የኔነሽ ሰው እንዳይጉላላ ብለው ቁልፉን ለጎረቤታቸው ለባጃጅ ነጂው ለአሚር ሰጥተውታል። አሚር ጋቢናው ውስጥ ጉብ ብሎ ቁልፉን ሊጠመዝዝ ነው።

“ተው! ተው አትንካው!” ጁነይድ ሲሚንቶ የጫነ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወረደ።

አሚር “አብሽር፣ በርታ!” የሚሉት መስሎት ጠመዘዘው። ሞተሩ “ኧ… ኧ…” አለ። ደግሞ “ኧ” ብሎ ዝም አለ። ዘይቱ ከመወፈሩ የተነሳ አሮጌው ባትሪ ሞተሩን ሊያዞረው አልቻለም። ጁነይድ በሩን ከፍቶ ቁልፉን ነቀለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። የገዛ ውሸቱ ውፍረት መኪናውን አድኖት ነበር።

ወዲያው ከመኪናው ስር ገብቶ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታው። ዘይቱ መጀመሪያ ሊወጣም አላሰበ። ኋላ ክር እየሠራ፣ እየተጎተተ፣ እንደ ተሰላቸ እንግዳ ወረደ። አንዱ ጠብታ ደግሞ ከጁነይድ አፍ ላይ አረፈ። እትዬ የኔነሽ ጎንበስ ብለው “የኔ ልጅ፣ ትላንት ሞልቶ ዛሬ ማፍሰስ ምንድነው?” ቢሉት፣ አፉ ተይዟል።

የመለሱት ጋሽ በላቸው ናቸው። ትናንት በየሱቁ ዞረው የጁነይድን ወሬ ለሰፈሩ ሁሉ የነገሩ እሳቸው ነበሩ። አሁን ያ ሰፈር በሙሉ፣ ከነቄሱ ከነሼሁ፣ ቆሞ እያያቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“የካምቢዮ ዘይቱማ ጥሩ ነው” አሉ። “አሁን እኔና ጁነይድ ሐረጎን ሞክረነው መጣን። ግን ኃይሉ በዛ። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፣ ፍጥነቱን አልችለውም። ስለዚህ በተራው ዘይት ይሁንልኝ ብዬ ነው።”

ጁነይድ ከስር ሆኖ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር አጋጨ። “ውሸት ነው!” ብሎ ጮኸ። “ሰዎች፣ አትስሟቸው! ውሸት ነው!”

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። “ጁነይድ ነው እኮ” አለ አንዱ። “እሱ ውሸት ነው ካለማ እውነት ነው።”

አሚር ግን አልሳቀም። ጣቱን የፈሰሰው ዘይት ውስጥ ነከረና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። በእርግጥም እንደ ማር ያበራል። “ለባጃጅም ይሆናል ማለት ነው?” አለ በለሆሳስ።

“አይሆንም!” አሉ፣ ጋሽ በላቸው ከላይ፣ ጁነይድ ከታች፣ በአንድ አፍ።

አሚር አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። እንዲህ ተማምለው የሚደብቁት ነገር ቀላል እንዳልሆነ ገባው። ጣቱን በሱሪው ጠርጎ፣ ምንም እንዳልተናገረ ሰው እያፏጨ ወደ ባጃጁ ሄደ፣ ፊቷንም ወደ ዘይት ሱቁ አዞረ።

“አሚር! ወንድሜ! ቁም እውነቱን ልንገርህ!” ጁነይድ ከራስ እስከ እግሩ በዘይት እንደተነከረ ከስር ተስቦ ወጥቶ ሮጠ። ጋሽ በላቸው አንድ ነጠላ ጫማቸውን መንገድ ላይ ጥለው “እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ እኔ ነኝ!” እያሉ ተከተሉ። ባጃጇ ቁልቁለቱን ይዛ ወረደች። አሚር በመስታወቱ ሁለቱ ሾፌሮች ምስጢራቸውን ለማስመለስ ሲሮጡ አየና ነዳጅ ጨመረ።