ከአራተኛ «ለ» የቀረችው

ጵርስቅላ ዋቅቶላ የክፍል አለቃ የሆነችው በዘጠና ስድስት ዓ.ም.፣ አራተኛ «ለ» ስትገባ ነው። ልጆቹ አልመረጧትም፤ መምህርት ጥሩብርሃን የእጅ ጽሑፏን ወደዱላትና የስም ዝርዝሩን አስያዟት። ሥራዋ ሁለት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቀሪ ተማሪ ስም ፊት «ቀ» ትጽፋለች፤ መምህር በሌለ ሰዓት ደግሞ የሚረብሹትን ትመዘግባለች። የተመዘገበ ይንበረከካል።

እንዲህ ካለች ልጅ ጋር ማን ሱዚ ይዘላል? እረፍት ሲደወል ሴቶቹ ላስቲካቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይሮጣሉ። እሷ ስትጠጋ ወሬው ይቆማል። የቡድኑ ራስ ፌበን «ዝም በሉ፣ ፖሊሷ መጣች» ትላለች። ጵርስቅላ ያልሰማች መስላ ወደ ክፍል ትመለስና ሰሌዳ ታጠፋለች፤ የጠፋውን ደግማ ታጠፋለች።

ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ሰዓዲያ ነበረች፤ በኅዳር ከወራቤ የመጣች፣ አማርኛዋ ገና ያልተፍታታ፣ ነጭ ሻሽ የምታስር ልጅ። ብዙ አያወሩም። ሰዓዲያ ላጲስ ስትፈልግ እጇን ትዘረጋለች፣ ጵርስቅላ ታቀብላታለች። ቀኑን ሙሉ ወደ ጵርስቅላ የሚዘረጋ ሌላ እጅ አልነበረም።

የካቲት ውስጥ አንድ ሐሙስ የሒሳብ መምህሩ ቀሩና ክፍሉ ተንጫጫ። ጵርስቅላ ሦስት ስም ጻፈች፤ ሦስቱም የፌበን ጓደኞች ነበሩ።

«ታዳያለሽ!» አለች ፌበን ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «አጠገብሽ ያለችውን መቼ ጽፈሻት ታውቂያለሽ?»

«እሷ አላወራችም።»

«አውርታለች!» ፌበን ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሷንም ከጻፍሻት ነገ ሱዚ እናጫውትሻለን።»

ሰዓዲያ አንገቷን ደፍታ የኢትዮጵያን ካርታ ትሥል ነበር። ጵርስቅላ አየቻት፤ ሜዳውን በመስኮት አየች። ከዚያ አራተኛ አድርጋ ጻፈቻት።

መምህርት ጥሩብርሃን መጡ፣ ወረቀቱን አነበቡ፣ አራቱን አንበረከኩ። ሦስቱ ለምደውታልና እየተሳሳቁ ተንበረከኩ። ሰዓዲያ ግን «እኔ አይደለሁም» ማለት ፈልጋ «እኔ የለሁም» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ተንበርክካ ጵርስቅላን ብቻ ታያት ነበር።

በማግስቱ ጵርስቅላን ሱዚ አስገቧት። ላስቲኩ ጉልበት ላይ ሲደርስ ተሰናከለችና ወጥታ ቆመች፤ ተራዋ ሳይደርስ ተደወለ። ሰኞ ማንም አልጠራትም። ዴስኩም ላይ ብቻዋን ነበረች። ዓርብ ከሰዓዲያ ስም ፊት «ቀ» ጽፋለች፤ ሰኞም «ቀ»፣ ማክሰኞም።

ረቡዕ መምህርቷ ዝርዝሩን አይተው ቀና አሉ። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ቤቷን የሚያውቅ አለ?»

እጅ አልወጣም። ሦስት ወር አብራቸው ተምራ፣ ከአምሳ ስምንት ልጅ ውስጥ ቤቷን የሚያውቅ አልተገኘም።

ጵርስቅላ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ቶፊቅ እንደሚባልና ሱቅ እንዳለው። ከትምህርት ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሽቅብ ወደ እንጦጦ ተራራ እየጠየቀች፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረት በሚጀምርበት አገኘችው። ስኳር እየመዘነ ነበር።

«ሰዓዲያ አለች?»

«ገና ከትምህርት ቤት አልመጣችም።» ቀና ብሎ ዩኒፎርሟን አየና ፊቱ በራ። «ጓደኛዋ ነሽ? አልሐምዱሊላህ! ጓደኛ የለኝም እያለች ታስቸግረኝ ነበር።»

ከረሜላ ሰጣት። አመስግና ስትወጣ ሰዓዲያን ከላይ ካለው ባሕር ዛፍ ጫካ አቀበቱን ስትወርድ አየቻት፤ ቦርሳዋን አንግታለች፣ ሹራቧ ላይ ደረቅ ቅጠል ተለጥፏል። ሰዓዲያም አየቻትና አጥር ተከልላ ጠፋች።

ሐሙስ ጠዋት የክፍል አለቃዋ ከክፍል ቀረች። በማለዳ አቀበቱ ሥር ቆማ ጠብቃ፣ ሰዓዲያን ከሩቅ እየተከተለች እንጦጦ ወጣች። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አጎንብሰው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሰዓዲያ በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ገልጣለች፤ ድሮ የተማረችውን እንደገና ትገለብጣለች።

«ስሜን ልትጽፊ መጣሽ?» አለች ቀና ሳትል።

«አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አላወራሽም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሱዚ እናጫውትሻለን ስላሉኝ ነው።»

«አጫወቱሽ?»

«አንድ ቀን።»

ነፋሱ ዛፎቹን እያወዛወዘ አለፈ። ሰዓዲያ እርሳሷን አስቀመጠች። «እዚህ ሰው ያልፋል፣ ማንም አያየኝም። ክፍልም እንደዚያው ነው። እዚህ ግን የሚስቅብኝ የለም።»

«ነገ ነይ። ለቲቸር እነግራለሁ።»

«ልጆቹ እየሰሙ?»

«እየሰሙ።»

ዓርብ ሰዓዲያ መጣች፤ ግን በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። ጵርስቅላ ሰሌዳው ፊት ወጣች። ያልረበሸችን ልጅ መጻፏን፣ ለምን እንደጻፈቻትም ተናገረች። ፌበን ፊቷ ቀላ። መምህርት ጥሩብርሃን ወደ በሩ ሄዱ።

«ልጄ፣ ሳልጠይቅሽ አንበረከክሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ።

መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት ማንም አልሰማም። የረባሽ መዝገብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። ልጅ ሁለት ቀን ከቀረም በሦስተኛው መምህርቷ ራሳቸው፣ የሰፈሩን ልጆች አስከትለው ቤቱ ድረስ ይሄዱ ጀመር። የሰዓዲያንም አባት በዚያው ሳምንት ሄደው አነጋገሩት።

«የት መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ሲጠይቋት ሰዓዲያ ክፍሉን ቃኘች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባርኮት የምትባል ልጅ ደብተሮቿን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት። እዚያ ሄደች።

ጵርስቅላ ዴስኳን ብቻዋን ያዘች። «ፖሊሷ» ቀረና «ሳባቂዋ» ተተካ። በእረፍት መስኮቱ አጠገብ ትቆማለች፤ ሰዓዲያና ባርኮት ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ታያለች። ደስ ይላታል፣ ደግሞም ያማታል። ሰዓዲያ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ አንድም ቀን አልቀረችም።

ወደ ቤት የሚወስዳቸው መንገድ ግማሹ አንድ ነው። ሰዓዲያ ከፊት ትሄዳለች፣ ጵርስቅላ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ትከተላለች። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ድንገተኛ ዝናብ ወረደ። ሰዓዲያ አንድ የተዘጋ ጋራዥ ጣራ ሥር ተጠለለች። ጵርስቅላ መንገዱ መሐል ቆማ ትበሰብሳለች።

«ነይ እንጂ!» አለች ሰዓዲያ።

ጎን ለጎን ቆሙ። ሲያባራ ሰዓዲያ ቀድማ ወጣች፤ ጵርስቅላ እንደ ልማዷ እስክትርቅላት ጠበቀች። ሰዓዲያ ዞራ አላየችም፤ ጭቃውን እየመረጠች፣ ከወትሮው ቀስ ብላ ትራመድ ነበር።